ክፍልፋይ፣ መቶኛና ይዘት በማድቤት ዕቃ፦ የሚሠራው የትኛው ሙከራ ነው?

የሰኔ ዝናብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 5ኛ ክፍል ናት። የክፍልፋይ ደንቦችን በቃሏ ይዛለች፤ የጋራ ታህት (ለሁለቱም ክፍልፋዮች ከሥር የሚሆን አንድ ቁጥር) ፈልጊ ስትባል ትፈልጋለች። ደብተሩን ዘግቼ 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ብዬ ስጠይቃት ግን 2/5 ትለኛለች። ማካፈል ላይ ደግሞ «ሲካፈል መልሱ ያንሳል» የሚለው ነገር ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ታላቅ ወንድሟ 8ኛ ክፍል ነው፤ የስፋትና የይዘት ቀመሮችን ያውቃቸዋል፣ ከየት እንደመጡ ግን አያውቅም።

ማድቤት ውስጥ በእጃቸው እየነኩ፣ እየቀዱ፣ እየመዘኑ እንዲማሩ እፈልጋለሁ። ያለኝ ዕቃ፦ የሻይ ብርጭቆዎች፣ ሲኒዎች፣ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶች፣ እስከ 1 ግራም የሚያሳይ ዲጂታል ሚዛን፣ ክብ ትሪና ድስቶች፣ ማስመሪያ። እንጀራን ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ ማድረጉን ሞክረነዋል፤ ከዚያ አልፎ ወዴት እንደሚኬድ ነው የጠፋኝ። መጠኑ የታወቀ ሙከራ ያላችሁ አካፍሉኝ። የት የት እንደሚበላሽም ንገሩኝ፤ ሙከራው ራሱ የተሳሳተ መልስ ከሰጠ ልጆቹ የባሰ ግራ ይገባቸዋል።

ጠመኔ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የሻይ ብርጭቆውን ለክፍልፋይ አይጠቀሙበት። ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ ስለሆነ የቁመቱ ግማሽ የይዘቱ ግማሽ አይደለም። ለምሳሌ የውስጥ ዲያሜትሩ ከታች 5 ሴ.ሜ፣ ከአፉ 7 ሴ.ሜ፣ ቁመቱ 9 ሴ.ሜ የሆነ ብርጭቆ ሲሞላ 257 ሚ.ሊ ገደማ ይይዛል፤ እስከ ቁመቱ እኩሌታ ሲሞላ ግን 107 ሚ.ሊ ብቻ ነው፤ 42 በመቶ ማለት ነው። ልጅቷ በዓይኗ «ግማሽ» ብላ ሁለቴ ቀድታ ብርጭቆው ሳይሞላ ሲቀር ጥፋቱ የእሷ ይመስላታል።

ጎኑ ቀጥ ያለ ብርጭቆ ወይም የቡና ጠርሙስ ይፈልጉ። ከላይ እስከ ታች ፕላስተር ይለጥፉበት። በማስመሪያ አይከፋፍሉት፤ የጠርሙስ ቂጥ ወፍራምና ወደ ውስጥ የጎበጠ ስለሆነ የመጀመሪያዋ ሴንቲ ሜትር ትዋሻለች። ይልቅ ጠርሙሱን ሚዛን ላይ አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉትና 40 ግራም ውሃ ጨምረው መስመር ያስምሯት፤ ሌላ 40 ግራም፣ ሌላ መስመር፤ እንዲህ 12 መስመር እስኪሆን። በጠቅላላው 480 ግራም ይሆናል፤ ጠርሙሱ ትንሽ ከሆነ በ20 ግራም ያድርጉት። 12 የተመረጠው ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እና ለ6 ስለሚካፈል ነው። ደብተር ላይ የጋራ ታህት የሚባለው ይኸው ነው፤ መስመሮቹን ስታሰምር ራሷ ሠራችው ማለት ነው።

አሁን 1/2 + 1/3። ከመቅዳቷ በፊት ውሃው የትኛው መስመር ላይ እንደሚቆም ግምቷን ወረቀት ላይ ትጻፍ። ይህን ፈጽሞ አይዝለሉት፤ ግምት ሳይጻፍ የሚደረግ ሙከራ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ እስከ 6ኛው መስመር ትሙላ፤ ይህ 1/2 ነው። የ12 ሲሶ 4 መስመር ስለሆነ 4 መስመር ትጨምር። ውሃው 10ኛው ላይ ይቆማል፤ 10/12፣ ሲቃለል 5/6። አሁን «2/5 የትኛው መስመር ላይ ነው?» ብለው ይጠይቋት። ከ12 ላይ 2/5 ማለት 4.8 ነው፤ ከ5ኛው መስመር በታች። ገና ስንጀምር ከነበረው ግማሽ እንኳ ያነሰ! ጨምረን እንዴት ቀነሰ? እዚህ ላይ ዝም ይበሉና እሷ ትናገር።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ 2/5 ከሜዳ የመጣ መልስ አይደለም። ከ2 እንቁላል 1 ቢሰበር፣ ከሌላ 3 እንቁላል 1 ቢሰበር፣ ከ5ቱ 2 ተሰብሯል፤ 2/5 ትክክል ነው። ልዩነቱ እንቁላሉ ላይ «ሙሉ» የምንለው መለወጡ ነው፤ መጀመሪያ 2፣ ቀጥሎ 3፣ በመጨረሻ 5። ጠርሙሱ ላይ ሙሉው ሁልጊዜ ያው ጠርሙስ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አሳይተው «ግማሽ የምን? ሲሶ የምን?» ብለው መጠየቅ ከአሥር የደብተር ጥያቄ ይበልጣል።

ማካፈሉንም በሩዝ ይሥሩት። «አንድ ሙሉ» 200 ግራም ሩዝ ይሁን። ሁለት ሙሉ፣ ማለትም 400 ግራም መዝነው ይስጧትና በሩብ በሩብ (50 ግራም) በሲኒ ማስቀመጫዎች ላይ ትከፋፍለው። 8 ይወጣል። 2 ÷ 1/4 = 8፤ «ሲካፈል ያንሳል» የሚለው እዚህ ይፈርሳል፤ ምክንያቱም ጥያቄው «ስንት ጊዜ ይገኝበታል?» ነው።

ቀጥሎ ከባዱ፦ 2 ÷ 3/4። አንዱ ድርሻ 150 ግራም ነው። ሁለት ድርሻ ይወጣና 100 ግራም ይተርፋል። አብዛኞቹ ልጆች መልሱ 2 1/2 ነው ይላሉ፤ የተረፈው የ200 ግራም ግማሽ ነውና። ትክክለኛው 2 2/3 ነው። ስንቆጥር የቆየነው የ150 ግራም ድርሻዎችን ስለሆነ የተረፈውም በ150 ይለካል፤ 100 የ150 ሁለት ሦስተኛ ነው። ተረፉን በምን እንደምንለካው ደብተር ላይ የሚያስተምር ብዙም የለም፤ ሩዙ ላይ ግን ልጅቷ ባዶ ሲኒ ማስቀመጫ ይዛ «ይህ ድርሻ እስኪሞላ ምን ያህል ጎደለ?» ስትባል 50 ግራም ጨምራ ታየዋለች።

ክብ ትሪ፦

ጠመኔ በደንብ አስረድተውታል። እኔ ለ8ኛ ክፍሉ ልጅ ፓይን (π)፣ ማለትም የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘውን 3.14 ገደማ የሆነ ቁጥር፣ እጨምራለሁ።

በእንጀራ አትለኩ። ጠርዙ አይስተካከልም፣ ሲነሣም ይለጠጣል። የትሪ፣ የድስት ክዳንና የሲኒ ጠርዝ ይሻላል። ሲባጎ አንድ ዙር አጥብቃችሁ ጠምጥሙ፣ የሚገናኝበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፣ ዘርግታችሁ ለኩ። የሹራብ ክር አይሆንም፣ ይለጠጣል። ዲያሜትሩን ለማግኘት የማስመሪያውን ዜሮ አንድ ጠርዝ ላይ ይዛችሁ ሌላውን ጫፍ ወዲያና ወዲህ አንሸራትቱ፤ የምታነቡት ትልቁ ቁጥር ዲያሜትሩ ነው። መሐሉን በዓይን መገመት የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው፤ 40 ሴ.ሜ የሆነውን 39 ብሎ የለካ ልጅ ዙሪያውን 125.7 በትክክል ቢለካ እንኳ 3.22 ያገኛል።

ትልቅ ነገር መለካት ለምን እንደሚሻል ራሳቸው እንዲያገኙት አድርጉ። ሲባጎው ላይ የግማሽ ሴንቲ ሜትር ስሕተት ቢኖር፣ ዲያሜትሩ 6 ሴ.ሜ በሆነ ሲኒ ላይ መልሱ 3.22 ይመጣል፤ 40 ሴ.ሜ በሆነ ትሪ ላይ ግን 3.15። ስሕተቱ ያው ነው፣ የሚካፈልበት ቁጥር ነው የተለየው። ልጁ በሁሉም ዕቃ ላይ 3.14 አገኘሁ ካለ መልሱን አውቆ ነው የጻፈው። 3.1፣ 3.2፣ 3.15 እየተለዋወጠ ሲመጣ ነው በእርግጥ የተለካ፤ አማካዩን ያውጣ።

ስፋቱን ደግሞ በወረቀት፦ ሬዲየሱ 10 ሴ.ሜ የሆነ ክብ ቆርጣችሁ ሦስት ጊዜ እጠፉ፣ ዘርግታችሁ በመስመሮቹ ቁረጡ፤ 8 ቁራጭ ይወጣል። እያንዳንዱን ለየብቻ ለሁለት አጥፋችሁ ቁረጡ፤ 16። አራቴ በአንድ ላይ አጥፎ መቁረጥ አይመከርም፣ ወረቀቱ ስለሚወፍር ቁራጮቹ እኩል አይሆኑም። አንዱን ጫፉን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች እያደረጋችሁ ደርድሩ። አራት ማዕዘን የሚመስል ነገር ይወጣል፤ ቁመቱ ሬዲየሱ ነው፣ 10 ሴ.ሜ። ርዝመቱ የዙሪያው ግማሽ ነው፣ 31.4 ሴ.ሜ ገደማ፤ ምክንያቱም የክቡ ጠርዝ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች ሆኗል። 31.4 × 10 = 314 ካሬ ሴ.ሜ። ቀመሩ ከዚህ ነው የመጣው። የሥራችሁ ጠርዝ ሞገድ ሞገድ ቢል አትደንግጡ፤ «ቁራጩ 32 ቢሆንስ? 64ስ?» ብላችሁ ጠይቁት።

በዚያው አንድ ጥያቄ፦ ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ዲያሜትሩ 30 ሴ.ሜ የሆነ አንድ ዳቦ ይበልጣል ወይስ 20 ሴ.ሜ የሆኑ ሁለት ዳቦዎች? 707 ካሬ ሴ.ሜ በ628። አንዱ ይበልጣል። ከማስላቱ በፊት ይገምት።

ቡሃቃ፦

ለመቶኛ ከዳቦ የተሻለ የለም። ዳቦ ጋጋሪዎች ሁሉን ነገር የሚያሰሉት ከዱቄቱ አንጻር ነው፦ ዱቄት ሁልጊዜ 100፣ ውሃ 60፣ ጨው 2፣ ደረቅ እርሾ 1። ለ500 ግራም የስንዴ ዱቄት 300 ግራም ውሃ፣ 10 ግራም ጨው፣ 5 ግራም እርሾ ይሆናል። ልጁ ሲደምረው 163 ይመጣል፤ «መቶኛ ከ100 ያልፋል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ጠመኔ ያሉት «የምን?» እዚህም አለ። ውሃው የዱቄቱ 60 በመቶ ነው፤ የሊጡ ግን አይደለም። የሊጡ ክብደት 815 ግራም ስለሆነ ውሃው የሊጡ 37 በመቶ ገደማ ነው። አንድ 300 ግራም ውሃ ሁለት መቶኛ አለው፤ ሁለቱንም ያስላ።

ሚዛኑ እስከ 1 ግራም ብቻ ስለሚያሳይ የ5 ግራም እርሾ ልኬት ላይ ስሕተቱ ትልቅ ነው፤ 4.6ም 5.4ም «5» ብሎ ያሳያል። ዱቄቱ ላይ ያው የ1 ግራም ስሕተት ምንም አይደለም። ብዙ ሚዛኖች ደግሞ በጣም ትንሽ በትንሹ ሲጨመርባቸው አይነቃነቁም፤ እርሾውን በሌላ ዕቃ ለብቻ መዝኑና ጨምሩት።

ዋናው ትምህርት ያለው ከምድጃ በኋላ ነው። ሊጡን ከመግባቱ በፊት፣ ዳቦውን ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ መዝኑ። ውሃ ስለሚተን ይቀላል። ምን ያህል እንደሚቀል እንደ ዳቦው ውፍረትና እንደ አጋገሩ ይለያያል፤ 815 ግራም ገብቶ 717 ከወጣ 98 ግራም ቀንሷል፣ የ815 12 በመቶ። አሁን ጠይቁት፦ «ልክ 1,000 ግራም ዳቦ እንዲወጣ ስንት ግራም ሊጥ ይገባል?» 12 በመቶ ጨምሬበት 1,120 ማለቱን ጠብቁ። ይሥራው፦ የ1,120 12 በመቶ 134 ነው፤ የሚወጣው 986 ግራም፤ 14 ግራም ጎደለ። የሚቀነሰው 12 በመቶ የሊጡ እንጂ የዳቦው አይደለምና። ትክክሉ 1,000 ÷ 0.88 = 1,136 ግራም ሊጥ። ዱቄቱን ለማግኘት 1,136 ÷ 1.63፣ ወደ 697 ግራም። እነዚህን ሁለት ማካፈሎች ለምን እንደሠራ መናገር የቻለ ልጅ መቶኛ ገብቶታል።

አንድ ነገር ከክብ ትሪ ጋር ላያይዝ። አሠራሩን እጥፍ ስታደርጉ መጋገሪያው ዲያሜትሩ እጥፍ መሆን የለበትም። ለ20 ሴ.ሜ መጋገሪያ የነበረውን ሊጥ እጥፍ ካደረጋችሁ 28 ሴ.ሜ ይበቃል። 40 ሴ.ሜ ላይ ብታፈሱት አራት እጥፍ ቦታ ስለሆነ ዳቦው ግማሽ ውፍረት ይዞ ይደርቃል።

ከሜሪላንድ፦

እዚህ አሜሪካ ላላችሁ ወላጆች፦ በየሱቁ የሚሸጠው የመስፈሪያ ኩባያ ስብስብ (1፣ 1/2፣ 1/3፣ 1/4) ለክፍልፋይ መቀነስ የተሠራ ይመስላል። ቁጥሩ እጀታው ላይ ተጽፏል። አገር ቤትም ሱፐርማርኬት ውስጥ ይገኛል።

የ1/2ን ኩባያ ሩዝ ሞልታችሁ በቢላዋ ጀርባ አስተካክሉ። ከእሱ የ1/3ን ኩባያ ሙሉ፣ ይህንንም አስተካክሉ። 1/2ው ውስጥ የተረፈው 1/2 − 1/3 = 1/6 ነው። ማረጋገጫ፦ አንድ ኩባያ 48 የሻይ ማንኪያ ነው (3 የሻይ ማንኪያ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ 16 የሾርባ ማንኪያ 1 ኩባያ)፤ ስለዚህ 1/6ው 8 የሻይ ማንኪያ መሆን አለበት። ልጆቹ ይቁጠሩት። ቀጥሎ 1/3 − 1/4 = 1/12፣ 4 የሻይ ማንኪያ። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ገልብጡት፦ «በእነዚህ አራት ኩባያዎች ብቻ 5/12 እንዴት ይሠራል?» ሁለት ሦስት መንገድ አለው።

በውሃ አታድርጉት፤ ውሃ ከኩባያው አፍ በላይ ጎብጦ ይቆማል፣ ሲቀዳም ጎኑ ላይ ይቀራል፣ በትንሽ መጠን ላይ ይህ ብዙ ነው። ዱቄትም አይሆንም። ዱቄት ተነፍቶ በማንኪያ ሲሞላ ኩባያው 120 ግራም ገደማ ይይዛል፤ በኩባያው ተጨቁኖ ሲዛቅ 150 ሊደርስ ይችላል። ለትልልቆቹ ግን ይህ ራሱ ጥሩ ሙከራ ነው፤ ለምን በክብደት እንደሚጋገር ያሳያል።

የማብሰያ ማንኪያ ስብስብ ከሌላችሁ የቤት ማንኪያን 5 ሚ.ሊ ነው ብላችሁ አትነሡ። በሚዛን አሥር ማንኪያ ውሃ መዝኑና ለ10 አካፍሉ።

ቦሎቄ፦

አጭር ጭማሪ፣ ስለ ዕድል። ከረጢት ውስጥ 6 ቀይ ቦሎቄና 4 ነጭ ቦሎቄ ጨምሩ፤ ሳያዩ አንድ ማውጣት፣ መመዝገብ፣ መመለስ፣ መነቅነቅ። ሽንብራና ቦሎቄ አትቀላቅሉ፤ እጅ ይለያቸዋል። መጠናቸውም ተቀራራቢ መሆን አለበት። በ10 ጊዜ ከ4 እስከ 8 ቀይ ቢወጣ የተለመደ ነው፤ በ50 ጊዜ ደግሞ 30 ይጠበቃል፣ ከ26 እስከ 34 ቢሆን ምንም አያስገርምም። ልጁ በ10 ጊዜ 4 ቀይ አግኝቶ «ስሌቱ ውሸት ነው» እንዳይል ሁለቱንም ይሥራ፣ ወደ ክፍልፋይም ይለውጥ። ሳይመልሱ ማውጣት ሌላ ሙከራ ነው፤ በአንድ ቀን አትቀላቅሉት።

መስፈሪያ፦

ይዘት እስካሁን አልተነካም።

መጀመሪያ ኤ4 ወረቀት፣ 21 በ29.7 ሴ.ሜ። አንዱን በረጅሙ፣ አንዱን በአጭሩ ጠቅልሎ ሁለት ሲሊንደር መሥራት፤ መደራረቢያው 1 ሴ.ሜ ይሁን፤ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች በፕላስተር። ወረቀቱ እኩል ነው፤ ይዘታቸውስ? ብዙ ሰው «እኩል» ይላል። ትሪ ላይ አጭርና ሰፊውን አቁሙ፣ ቀጭኑን በውስጡ አስገቡ፣ ቀጭኑን በምስር ሙሉት፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ምዘዙት። ምስሩ ወደ ሰፊው ይወርዳል፣ ግን አይሞላውም፤ ከ21 ሴ.ሜ ቁመት 14 ሴ.ሜ ገደማ ላይ ይቆማል። በስሌት ሰፊው 1,376፣ ቀጭኑ 945 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ምክንያቱ፦ በሲሊንደር ይዘት ቀመር (π × ሬዲየስ × ሬዲየስ × ቁመት) ውስጥ ሬዲየስ ሁለት ጊዜ ይባዛል፣ ቁመት አንድ ጊዜ። ያለ መደራረቢያ ቢሆን ሰፊው የቀጭኑ 1.41 እጥፍ ይሆን ነበር፤ ይህም የ2 ካሬ ሥር ነው፣ የኤ4 ርዝመት ለወርዱ ሲካፈል ያለው ያው ቁጥር። መደራረቢያው ነው ወደ 1.46 ከፍ ያደረገው።

ጤፍ አትጠቀሙ፤ ከወረቀቱ ሥር ሾልኮ ትሪውን ይሞላል። አንድ ኪሎ ምስር ከበቂ በላይ ነው። እህሉ እንዳይባክን ለብቻው በጣሳ አስቀምጡት፤ ሲያበቃ ተለቅሞና ታጥቦ ድስት ይገባል።

ሁለተኛው ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ጆግ ውስጥ ውሃ ሙሉና ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ ዜሮ አድርጉት። ድንች በክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስጥሙት፣ ግን የጆጉን ቂጥም ጎኑንም እንዳይነካ በእጅ አንጠልጥላችሁ ያዙት። ሚዛኑ ላይ የሚነበበው ግራም የድንቹ ይዘት ነው፣ በሴንቲ ሜትር ኩብ። ድንቹ የገፋውን ውሃ ክብደት ነው የሚያሳየው፤ 1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ውሃ 1 ግራም ነው። ቂጡን ከነካ የድንቹ ክብደት ይደባለቅበትና ቁጥሩ ይዘላል፤ የአየር አረፋ ከተለጠፈበትም ይጨምራል።

አሁን ከድንቹ 4 × 3 × 2 ሴ.ሜ የሆነ ቀጥ ያለ ቁራጭ ቁረጡ። ቀመሩ 24 ይላል። አጥልቁት፤ 24 ላይመጣ ይችላል። 27 ቢመጣ ቀመሩ አልተሳሳተም፤ እያንዳንዱ ጎን 1 ሚ.ሜ ብቻ ቢረዝም 4.1 × 3.1 × 2.1 = 26.7 ነው። በየጎኑ ትንሽ የመሰለችው ስሕተት ይዘቱ ላይ 11 በመቶ ሆነች። ልጁ ጎኖቹን በሚሊ ሜትር ደግሞ ለክቶ ያስላውና ከሚዛኑ ጋር ያነጻጽር። ቢላዋውን አዋቂ ይያዝ፤ ጥሬ ድንች ያንሸራትታል።

የሰኔ ዝናብ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። በጠርሙሱና በሩዙ እንጀምራለን። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ ልጁ ግራፍ መሥራት አለበት። ሻይ ሲቀዘቅዝ በየደቂቃው ሙቀቱን እየመዘገበ ግራፍ ቢሠራስ? ቤት ያለው የትኩሳት መለኪያ ብቻ ነው፤ ይሆናል?

ጠመኔ፦

አይሆንም እህቴ፣ ደግሞም አደገኛ ነው። የትኩሳት መለኪያ የሚያነበው እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሜርኩሪ ከሆነ ፈልቶ በወረደ ውሃ ውስጥ ሊሰበር ይችላል። ቢያንስ እስከ 100 የሚያነብ የማብሰያ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። እሱንም ሲያገኙ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ «መለኪያው ተበላሽቷል» እንዳይባል፤ ከፍታው ነው።

መስፈሪያ፦

ቴርሞሜትር ሳይገዙ ግራፍ የሚያሠራ አለ። ጎኑ ቀጥ ያለው ክፍል ቢያንስ 18 ሴ.ሜ የሆነ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ይያዙ። ወደ ታች፣ ቂጡ ከመጉበጡ በላይ፣ በጋለ ሚስማር 3 ሚ.ሜ ቀዳዳ ያብጁ፤ የቀለጠውን ጠርዝ በምላጭ ያስተካክሉ፣ አለዚያ ውሃው ወደ ጎን ይረጫል። ይህን አዋቂ ይሥራ። ከቀዳዳው መሐል ተነሥተው በፕላስተር ላይ በየ1 ሴ.ሜ ምልክት ያድርጉ፣ እስከ 16። ቀዳዳውን በጣት ይዘው ከ16 በላይ ይሙሉት፣ የባልዲ አፍ ላይ ያስቀምጡት፣ ክዳኑን ይክፈቱ፤ ክዳኑ ከተዘጋ ውሃው ይቆማል ወይም እየተንገጫገጨ ይወርዳል።

ልጁ በየ20 ሰከንዱ ቁመቱን ይመዝግብ። ነጥቦቹን ሲያገናኝ ቀጥ ያለ መስመር አይወጣለትም፤ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል፣ እየቆየ ይጋደማል። ከዚያ ድጋሚ ሞልተው ውሃው 16፣ 9፣ 4 እና 1 ሴ.ሜ ሲደርስ ብቻ ሰዓት ይያዝ። ከ16 ወደ 9፣ ከ9 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 1 የሚወስደው ጊዜ ተቀራራቢ ነው፤ ጠርሙሱ 10 ሴ.ሜ ዲያሜትር ካለው እያንዳንዱ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ፣ እንደ ቀዳዳው ጠርዝ ትንሽ ይለያያል። 7 ሴ.ሜ፣ 5 ሴ.ሜ፣ 3 ሴ.ሜ መውረድ እኩል ጊዜ ይወስዳል ማለት ነው፤ የቁጥሮቹ ካሬ ሥር 4፣ 3፣ 2፣ 1 ስለሆነ። ከ1 ሴ.ሜ በታች አይለኩ፤ ውሃው መንጠባጠብ ስለሚጀምር ቁጥሩ አይታመንም።